ያለ ኦቨን ከልጆች ጋር የሚሠሩ የሃሎዊን ጣፋጮች፤ ከመንደሪን ዱባ እስከ በሶ ጅብ

ጥቅምት ሲገባ እኛ ሰፈር፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በየደጁ ዱባ ይደረደራል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመጡ ወሬያቸው ሁሉ ሃሎዊን ነው። ምን እንደሚለብሱ፣ ከማን ጋር እንደሚዞሩ፣ ባለፈው ዓመት ማን ብዙ ከረሜላ እንዳገኘ ያወራሉ። ኦክቶበር 31 ማታ ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው የሰው በር ሲያንኳኩ ያመሻሉ። እኔ ግን የምወደው ከዚያ ቀደም ብሎ ያለውን ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የልጆቼ ጓደኞች ይመጣሉ፣ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ፣ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ከበው የሚያስፈራ ነገር ይሠራሉ። ከዚያ የሠሩትን ይበላሉ።

ኦቨን አናበራም። ኦቨን ከበራ ልጆቹ ቆመው ተመልካች ይሆናሉ፤ እኔም ከሰዓቱን ሙሉ "አትጠጋ፣ ይፈጅሃል" ስል እውላለሁ። ኦቨን ከሌለ ግን የ5 ዓመቷም ልጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሷ ትሠራለች። ለአዋቂ የሚቀረው ቸኮሌት ማቅለጥ፣ ፈንዲሻ ማፈንዳትና አቮካዶ መፍጨት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ስልክ ደውሉ

ከሁለት ዓመት በፊት ማርሽማሎ በሚባለው ለስላሳ ከረሜላ የተያያዘ የፈንዲሻ ኳስ ሠራን። ልጆቹ ተደስተው ሲበሉ አንዲት ልጅ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች። "እማዬ አሳማ አለበት ብላኛለች" አለችኝ ቀስ ብላ። ፓኬቱን ገልብጬ ሳነበው ጄላቲን የሚል አለው፤ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ማርጊያ ነው። እዚህ አሜሪካ ሱቅ ውስጥ የምናገኘው ተራ ማርሽማሎ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከአሳማ በተገኘ ጄላቲን ነው። ለሙስሊሙም ለኦርቶዶክሱም አይሆንም ማለት ነው። እኔም ለዓመታት ሳላነብ ለራሴ ልጆች ስሰጥ ኖሬያለሁ። ያቺ ልጅ ከሠራችው ነገር አንድም ሳትቀምስ ወደ ቤቷ ሄደች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነገር የመጣው ልጅ ሁሉ መብላት መቻል አለበት። ስለዚህ ድግሱ ሳምንት ሲቀረው ለየእናቱ ወይም ለየአባቱ እደውልና ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አለርጂ አለው? የማትበሉት ነገር አለ? ሃሎዊን ራሱስ ደስ ይላችኋል?

ሦስተኛው ጥያቄ ለእኛ ሰው ዋና ነው። በሃሎዊን ላይ አንድ ሐሳብ የለንም። ልጁን አልብሶ የሚያዞር አለ፤ በሩን ዘግቶ መብራት የሚያጠፋም አለ። ሁለቱንም አከብራለሁ። እኔ ቤት የራስ ቅል፣ ሰይጣንና የመቃብር ድንጋይ አይሠራም። የምንሠራው ጨለማ የሚወዱ እንስሳትን ነው። ሸረሪት፣ ትል፣ ጅብ። ይህን ስነግራቸው ሃሎዊን የማያከብሩት ቤተሰቦችም "እሱማ ምን ችግር አለው" ብለው ልጃቸውን ይልካሉ።

ጾሙም አለ። ኦክቶበር 31 በአብዛኛው የሚውለው ጥቅምት 21 ቀን ነው። ማርያም ናት። ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው የጽጌ ጾም ደግሞ ገና አላለቀም። የፈቃድ ጾም ቢሆንም ልጆቹን ይዞ የሚጾም ቤተሰብ አውቃለሁ። ድግሱ ዓርብ ላይ ከዋለማ ያው ጾም ነው። ለዚህ ብዬ ከታች ያሉትን ሁሉ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ነው የምሠራቸው።

አለርጂን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ሕግ በምግብ ፓኬት ላይ በግልጽ እንዲጻፉ የሚያስገድደው ዘጠኝ ነገሮችን ነው። ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕ ያሉ የባሕር ምግቦች፣ እንደ አልሞንድ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና ሰሊጥ። ሰሊጥ የተጨመረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ነው። ገብስ ግን ከዘጠኙ ውስጥ የለም። ግሉተን፣ ማለትም በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ የማይስማማው ልጅ ካለ በሶ የገብስ መሆኑን እናንተው ንገሩ።

ከ4 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ፈንዲሻ፣ ያልተፈጨ ለውዝ፣ ጠንካራ ከረሜላና ማርሽማሎ አትስጡ። ያንቃል። ማር ደግሞ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን በጭራሽ አይሰጥም። ጠረጴዛው ላይ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካለ ዓይናችሁ እሱ ላይ ይሁን። ትልልቆቹ ሲሠሩ ከሥር እየለቀመ የሚጎርሰው እሱ ነው።

የሚገዛው

ለስድስት ልጆች ይህን እገዛለሁ፦

መንደሪን 12
ሴለሪ (ረጅም አረንጓዴ ግንድ ያለው አትክልት) አንድ ዘለላ
ኦሪዮ ብስኩት ሁለት ፓኬት
ቀጭን ፕሬትዝል (ጨው ያለበት ደረቅ ብስኩት) አንድ ከረጢት
ጥቁር የቸኮሌት ፍሬ አንድ ከረጢት፣ ወተት የሌለው
በሶ 2 ኩባያና ለማስተካከያ ትንሽ ትርፍ
የሱፍ አበባ ፍሬ ቅቤ ግማሽ ኩባያ
ማር አንድ ማሰሮ
የተላጠ የዱባ ፍሬ አንድ እፍኝ
የደረቀ ማንጎና ዘቢብ
ነጭ የተፈጨ ኮኮናት ትንሽ
የበሰለ አቮካዶ 3
ካካዎ፣ የኮኮናት ዘይትና የኮኮናት ወተት
የፈንዲሻ በቆሎ ግማሽ ኩባያ
ለምግብ የሚሆን ቀጭን የፕላስቲክ ጓንት

በሶውን ከሐበሻ ግሮሰሪ ታገኛላችሁ። አገር ቤት ደርሶ የመጣ ሰው ካመጣላችሁ ደግሞ ሽታው ሌላ ነው። የአሜሪካው ኦሪዮ በይዘቱ ወተት የለውም፤ ግን ወተት ካለበት ነገር ጋር ሊነካካ ይችላል። ለጾም ይበቃል፣ ብርቱ የወተት አለርጂ ላለበት ልጅ ግን አልሰጥም። ጓንቱ የላቴክስ እንዳይሆን። እሱም አለርጂ አለው።

ማሟሻው፤ የመንደሪን ዱባ

ልጆች ሲደርሱ እጃቸው ሥራ ይፈልጋል። ሁሉም እስኪሰበሰብ ድረስ ይህን ስጧቸው። መንደሪኑን ይላጡ። ከላይ መሃሉ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ አንድ ጣት የማትሞላ የሴለሪ ቁራጭ ይሰኩ። አለቀ። ትንሽ ዱባ ሆነ። ሴለሪውን አስቀድማችሁ ቆርጣችሁ ጠብቁ።

ልጣጩን አትጣሉት። ሳህን ላይ ሲቀመጥ ቤቱን ሁሉ ያውደዋል።

ሸረሪት

ቸኮሌት የሚቀልጠው እዚህ ላይ ስለሆነ አዋቂ አጠገብ ይሁን።

አንድ ኩባያ የቸኮሌት ፍሬ በደረቅ የመስታወት ሳህን አድርጉ። አንድ የሻይ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት ጨምሩ። ማይክሮዌቩን በግማሽ ኃይል አድርጋችሁ 30 ሰከንድ አሙቁት። አውጡና አማስሉ። እንደገና 30 ሰከንድ፣ እንደገና ማማሰል። ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይበቃዋል። ጥቂት ፍሬ ሳይቀልጥ ሲቀር አቁሙ፤ የሳህኑ ሙቀት ይጨርሰዋል። ፍሬው ቅርጹን ሳይለቅ ውስጡ ሊቀልጥ ስለሚችል በዓይን ብቻ አትፍረዱ፣ አማስሉት።

ውሃ እንዳይነካው። አንድ ጊዜ አሁን ታጥባ በወጣች ማንኪያ አማሰልኩት። ማንኪያዋ ላይ የቀረችው ጠብታ በቃችው። ሲያብረቀርቅ የነበረው ቸኮሌት ባንዴ እንደ እርጥብ አሸዋ ሆነ። እንዲህ ከሆነባችሁ አትድፉት። ሙቅ ውሃ በማንኪያ እየጨመራችሁ ብታማስሉት ይላላል፤ መረቅ ይሆናል። ለማጣበቂያ አያገለግልም፣ ኋላ ለምንሠራው ጭቃ ግን ይሆናል።

አሁን ልጆቹ ይግቡ። ኦሪዮውን ቀስ ብለው ጠምዝዘው ይከፍታሉ። ክሬም ያለበት ወገን ላይ አራት የፕሬትዝል ቁራጭ በግራ፣ አራት በቀኝ ይደረድራሉ። ጠማማውን ፕሬትዝል ከሰበራችሁት የታጠፈ እግር ታገኛላችሁ፤ ከቀጥተኛው ይልቅ ሸረሪት ያስመስለዋል። በላዩ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቸኮሌት ያፈሳሉ። ክዳኑን መልሰው ቀስ ብለው ይጫናሉ። ጠንክረው ከተጫኑት ብስኩቱ ይሰነጠቃል።

ለዓይን ሱቅ ውስጥ የስኳር ዓይን ይሸጣል፤ ለጾም ከሆነ እንቁላል እንደሌለው አንብቡ። እኔ ግን ቀላሉን እመርጣለሁ። ሁለት ነጥብ ቸኮሌት ጠብ አድርጌ ነጭ ኮኮናት እነሰንስበታለሁ። ጨለማ ውስጥ የሚያይ ዓይን ይመስላል። ፍሪጅ ውስጥ 10 ደቂቃ ካረፈ እግሮቹ አይወልቁም።

ስምንት እግር መሆኑን ቁጠሩ። አምስት እግር ብቻ የሰጠ ልጅ ካለ ግን አታርሙት። የእኔ ትንሹ "ሦስቱን ጅብ በላበት" አለኝ። እኔም ወደሚቀጥለው ሥራ በዚሁ አለፍኩ።

በሶ ጅብ

እዚህ አገር ልጅን ማስፈራሪያው ጠንቋይና መንፈስ ነው። እኛን ያሳደገን ግን አያ ጅቦ ነው። "ዝም በል፣ ጅብ ይመጣል" ያልተባለ ልጅ ማን አለ? ስለዚህ እኛ ቤት ሃሎዊን ያለ ጅብ አይደምቅም።

ያለ እሳት የሚሠራ ጣፋጭ ደግሞ ከእኛ ወዲያ ማን ያውቃል? የበሶ ጭብጦ እኮ ድሮም ያለ ኦቨን ነው። በስኳርና በውሃ ለውሰን፣ በጡጫችን ጨብጠን፣ የጣታችን አሻራ የቀረበትን ስንበላ አድገናል። ደግሞም ደህና ነው። ልጆች ጥሬ የስንዴ ዱቄት ያለበትን ሊጥ መቅመስ የለባቸውም፤ ያሳምማል። በሶ ግን ገብሱ ከመፈጨቱ በፊት የተቆላ ነው። ከሳህኑ ቢልሱም ቅር አይበላችሁ።

የሚያስፈልገው 2 ኩባያ በሶ፣ ግማሽ ኩባያ የሱፍ አበባ ፍሬ ቅቤ፣ ሲሶ ኩባያ ማርና አንድ ቁንጥጫ ጨው ነው። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ልጅ ከሌለ የለውዝ ቅቤም ይሆናል። ለብ ያለ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር።

ማሩንና ቅቤውን አንድ ላይ ምቱ። ጨውና በሶ ጨምራችሁ በእጅ እሹት። መጀመሪያ ፍርፍር ይላል። አትደንግጡ። በሾርባ ማንኪያ ሁለት ውሃ ጨምሩና እሹት፤ ከዚያ ሸፍናችሁ 10 ደቂቃ ተዉት። በሶ ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው። ሳታሳርፉት ውሃ ከደረባችሁበት ኋላ ይዝረከረካል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ትንሽ ቆንጥራችሁ ጨብጡት። ከተሰነጠቀ አንድ ማንኪያ ውሃ ጨምሩ። ከእጅ ጋር ከተጣበቀ በሶ ነስንሱ። ጭብጦው የጣታችሁን ምልክት ይዞ ሲቀር ደርሷል።

ለየልጁ በዋልነት መጠን ቆርሳችሁ አድሉ። 16 ያህል ይወጣዋል። መዳፋቸውን በትንሹ ዘይት ካስነካችሁላቸው አይጣበቅባቸውም። መጀመሪያ ያድቦልቡሉት። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አንዱን ጎን ሳብ አድርገው አፍና አፍንጫ ያውጡለት። ለጆሮ ሁለት የዱባ ፍሬ ከላይ ይሰኩ፤ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ይግባ፣ ክቡ ከላይ ይቅር። የእኛ አገር ጅብ ጆሮው ክብ ነው። ለዓይን ዘቢብ ለሁለት ተቆርጦ ይጫን። አፉን በማንኪያ ጫፍ ቅደዱለትና ጥርስ እንዲሆነው ኮኮናት ጠቅጥቁበት። በመጨረሻ አንድ ማንኪያ ካካዎ በጥቂት ውሃ በጥብጡ። ልጆቹ በትንሽ ጣታቸው እየነከሩ ጅቡን ያዥጎርጉሩት።

እጃቸው ሲሠራ ጆሯቸው ነፃ ነው። ያኔ ተረት ንገሯቸው። እኔ ሐረር ማታ ማታ ለጅብ ሥጋ የሚያጎርሱ ሰዎች እንዳሉ ነገርኳቸው። በእንጨት ጫፍ አድርገው፣ አንዳንዴም እንጨቱን በአፋቸው ይዘው። ስድስቱም ልጆች እጃቸውን አቁመው አዩኝ። "እውነት ጅብ? እውነተኛው?" አለ አንዱ። እውነተኛው አልኩት። ከዚያ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ "ቁርበት አንጥፉልኝ" አለ የሚለውን አመጣሁ። ቁርበት ምን እንደሆነ፣ ጅብ ቁርበት ላይ ለምን እንደማይተኛ ሳስረዳ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ሲገባቸው ግን ተንከተከቱ። አንዷ የማንጎ ቁራጭ ጠፍጥፋ ጅቧን እላዩ ላይ አስቀመጠችው። "አነጠፍኩለት" አለችኝ።

የፈንዲሻ እጅ

ግማሽ ኩባያ በቆሎ አፈንዱ። በዘይት ይሁን፣ በቅቤ አይደለም። ጨው ነስንሱና ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ጠብቁ። በሙቁ ከተሞላ እንፋሎቱ ጓንቱ ውስጥ ይታመቅና ፈንዲሻው ይልፈሰፈሳል። ያልፈነዳውን ፍሬ ለቅማችሁ አውጡ፤ ጥርስ ይሰብራል።

ልጆቹ በየጣቱ ጫፍ አንድ ዘቢብ ይክተቱ። ጥፍር ነው። ከዚያ ፈንዲሻውን ጣት በጣት ይሙሉ፤ ቀጭኑን ጣት በማንኪያ እጀታ ቀስ ብሎ መግፋት ይቻላል። መዳፉ ሲሞላ አንጓው ላይ በሪባን እሰሩት። አንድ ጓንት 2 ኩባያ ያህል ይይዛል። ጠረጴዛ ላይ ሲጋደም ጥፍራም የአውሬ እጅ ነው የሚመስለው። ይህን ልጆቹ ወደ ቤታቸው ይዘውት ቢሄዱ ጥሩ ነው፤ ሳይበላሽ ያድራል።

ጭቃና ትል

ይህ ለመጨረሻ ይቆይ፤ ያዝረከርካል። ሦስቱን አቮካዶ፣ ሲሶ ኩባያ ካካዎ፣ ሲሶ ኩባያ ማር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ወተትና ቁንጥጫ ጨው በብሌንደር ፍጩ። አረንጓዴ ነጥብ እስኪጠፋ ድረስ ይፈጭ። የተበላሸ ቸኮሌት ካላችሁ እዚህ ጨምሩት። በስድስት ትንንሽ ኩባያ አካፍሉ።

የተረፈውን ኦሪዮ በዚፕ ከረጢት አድርጋችሁ ለልጆቹ ስጡ። በመዳመጫ ይደብድቡት። ይህን ሥራ ለማን እንደምትሰጡ አስባችሁ ወስኑ፤ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ያቃተው ልጅ ካለ የእሱ ነው። ፍርፋሪው ጭቃው ላይ ይነስነስ። የደረቀውን ማንጎ በመቀስ በቀጫጭኑ ቁረጡና ትል አድርጋችሁ ግማሹን ቅበሩ፣ ግማሹ ይታይ። ሱቅ ያለው ለስላሳ የትል ከረሜላ አብዛኛው ጄላቲን አለው። ማንጎው ይሻላል፤ ይጣፍጣልም።

ለምትቸኩሉ

በሶውን ቀድማችሁ ማታ ብትለውሱት ይበልጥ ይያዛል። ሸፍናችሁ ፍሪጅ አስገቡት፤ ልጆቹ ከመምጣታቸው ግማሽ ሰዓት በፊት አውጡት። ፈንዲሻውም ጠዋት ይፈንዳ። የቀረው ሁሉ በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃል። ለትምህርት ቤት ድግስ ልትልኩ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ መምህሯን ጠይቁ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚቀበሉት ከሱቅ የተገዛና ያልተከፈተ ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን ደጃፋችሁ ላይ ዱባ የምታስቀምጡ ከሆነ አንዷን በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ባለው ቀለም ቀቧት። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ እየታወቀ የመጣ ምልክት ነው። "እዚህ ቤት ከምግብ ሌላ ስጦታ አለ" ማለት ነው። እርሳስ ወይም ተለጣፊ ሥዕል ይበቃል። አለርጂ ያለበት ልጅ ያንን ቀለም ከሩቅ ያውቀዋል።

የአቮካዶው ጭቃ በዚያው ቀን ይበላ፤ ካደረ ይጠቁራል። ሸረሪቶቹ በክዳን ዕቃ ሁለት ቀን ይቆያሉ፤ ከዚያ ፕሬትዝሉ ይለሰልሳል። ጅቦቹ ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን አይሞቱም። ስታስቀምጧቸው ጎን ለጎን ይሁኑ፣ አትደራርቧቸው፤ ጆሯቸው ይወልቃል።